የማዞሪያ አፕ

ማዞሪያ የሚለውን ስም ያወጣላት ባሏ ነው። ባሏ መኪና መንዳት ያስተምራል። ተማሪዎቹ ሰዓት ለመያዝ፣ የያዙትን ለመቀየር፣ የቀየሩትን መልሰው ለመሰረዝ የሚደውሉት ግን ለእሱ ሳይሆን ለሚስቱ ነው። እሱ መኪና ውስጥ ሆኖ ስልክ አያነሳም። «አንድ እግሬ ፍሬን ላይ፣ አንድ ዓይኔ መስታወት ላይ፤ በየትኛው እጄ ላንሳው?» ይላል። ስራውን የጀመረ ሰሞን የስራውን ስልክ ኩሽና ውስጥ ማቀዝቀዣው ላይ አስቀምጦላት ወጣ፤ ስልኩም በዚያው ቀረ። አንድ ቀን ለጓደኞቹ «ሁሉም ነገር በእሷ በኩል ነው የሚያልፈው፣ የቤቱ ማዞሪያ እሷ ናት» ብሎ ሲያሞግሳት ሳቁ፣ እሷም ሳቀች፣ ስሙም ተጣበቀባት። ተማሪዎቹ ፊት ለፊት «እትዬ» ይሏታል፤ ዞር ስትል ግን ለእነሱም ማዞሪያ ናት።

መጀመሪያ ላይ ስሙን ወዳው ነበር። ሰው ሲፈልግሽ ደስ ይላል። የሰለቻት ቀስ በቀስ ነው። ሽንኩርት ስትከትፍ ስልኩ ይጮኻል፣ ልብስ ስታሰጣ ይጮኻል፣ ጋደም ልበል ስትል ይጮኻል። ከሁሉም የባሰችባት አንዲት ነርስ ናት። የሆስፒታሉ ፈረቃ በየጊዜው ስለሚገለባበጥባት ጠዋት የያዘችውን ሰዓት ከምሳ በፊት ትቀይራለች፤ ከምሳ በኋላ ደግሞ «እትዬ ይቅርታ፣ የመጀመሪያው ይሻለኛል» ትላለች። ልጅቷ ክፉ አይደለችም። ክፉ ብትሆን ይቀል ነበር፤ ማዞሪያ አንድ ቀን ልክ ልኳን ነግራት ታርፍ ነበር።

ውሳኔዋን የወሰነችው ገላዋን ስትታጠብ ነው። ፀጉሯን ሳሙና አልብሳ ሳለች ስልኩ ጮኸ። ዝም አለችው። ደግሞ ጮኸ። ደግሞ ዝም ብትለውም አልተዋትም፤ ፎጣ ጠቅልላ፣ እግሯ እየተንሸራተተ ኩሽና ደረሰች። ነርሷ ናት።

«እትዬ፣ የሐሙሱን ሰዓት እንዳልቀየርኩት ልንገርዎ ብዬ ነው» አለቻት።

ማዞሪያ ስልኩን ዘግታ፣ ሳሙናው ዓይኗን እየለበለባት፣ ከእግሯ ስር ውሃ እየተጠራቀመ ትንሽ ቆመች። ከዚያ «በቃኝ» አለች፣ ለማንም ሳይሆን።

እራት ላይ ለባሏ ነገረችው። «ፀጉር ቤት አይቻለሁ። ደንበኞቹ ራሳቸው በአፕ ሰዓት ይይዛሉ። ማንም ለማንም አይደውልም።»

«ወንድሜ ይሰራልናል ብዬሽ የለ?»

«ካልከኝ ዓመት አለፈው።»

«ስራ በዝቶበት ነው እንጂ ለእሱ ቀላል ነው። አንድ ቅዳሜ ቢያጠፋ ነው።»

«ያቺ ቅዳሜ የውሃ ሽታ ሆነች።»

ዋርሳዋ፣ ማለትም የባሏ ታናሽ ወንድም፣ ሌላ ከተማ ውስጥ ለአንድ ድርጅት የስልክ አፖችን የሚሰራ ባለሙያ ነው። ደግ ነው፣ ተጫዋች ነው፣ እሺ ማለት ይወዳል። እሺ ያለውን መፈጸም ላይ ነው የሚቸገረው።

«እኔው እሰራዋለሁ» አለች ማዞሪያ።

ባሏ ማንኪያውን በአየር ላይ እንደያዘ አያት። አልሳቀም። ቢስቅ ይሻላት ነበር። «ሞክሪዋ» አለ፣ ጋራዥ ውስጥ በቆመ መኪና ህፃን ልጅ መሪ እንደሚያስጨብጥ ሰው።

ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ሲገባ አሮጌ ላፕቶፑን ጥሎት ሄዷል። ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ይጮኻል፤ ቅንፍ የምትጽፈዋ ቁልፍ ደግሞ ካልደበደቧት አትሰማም። ማዞሪያ ይህን አልናቀችውም። ከማግባቷ በፊት የመስሪያ ቤት ጸሐፊ ስለነበረች ጣቷ ፈጣን ነው፣ እንግሊዝኛም አንብባ ለመረዳት አያንሳትም። ስለዚህ አልፈራችም። ጠዋት ባሏን ሸኝታ፣ ሳህኑን አጣጥባ፣ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ላፕቶፑን ከፈተችና ከኢንተርኔት አንድ የትምህርት ቪዲዮ መረጠች። አስተማሪው ገና ጢሙ በቅጡ ያልወጣ ልጅ ነው። ጥርሱ ነጭ፣ ክፍሉ ንጹህ፣ ኮምፒውተሩ ድምፅ የለውም። «በጣም ቀላል ነው» ብሎ ጀመረ።

ለመስራት የሚያስፈልገውን ፕሮግራም ማውረድ ብቻ ቀኑን በላው። ወርዶ አለቀ ስትል ሌላ የሚወርድ እንዳለው ነገራት። እሱም ሲያልቅ ልጁ ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚከፈት የውሸት ስልክ አሳያትና «እናንተም ጋ እንዲህ ብሎ ይከፈታል» አለ። እሷ ጋ አልተከፈተም። ጥቁር ሆኖ ቀረ፤ ላፕቶፑም አብሮት ደረቀ። ልጁ ግን ወደፊት ሄዷል። ቪዲዮውን ወደኋላ መለሰችው፤ እንደገና ፈገግ ብሎ እንደገና ይከፈታል አለ። አንድ ሰው ደጋግሞ ሲዋሽሽ፣ ያውም እየሳቀ፣ ደም ይፈላል።

በመጨረሻ የራሷን ስልክ በገመድ ማገናኘት እንደምትችል አነበበች። ለዚያ የስልኩ ማስተካከያ ውስጥ ገብታ፣ ስለ ስልኩ የሚለውን ከፍታ፣ አንዱን መስመር በላይ በላዩ መንካት ነበረባት። ነካች፣ ነካች፣ ነካችና ስልኩ «አሁን ገንቢ ነዎት» የሚል ጽሑፍ ብቅ አደረገላት። ጣቷን እንዳነሳች ቀረች። ገንቢ ማለት አፕ ሰሪ ነው፤ እሷ ገና አንድ ፊደል አልጻፈችም።

ማታ ለባሏ አሳየችው፣ ይስቃል ብላ። እሱ ግን ከልቡ ተገርሞ «ይኼን ያህል ቀላል ነው እንዴ?» አላት። ምነው ባላሳየሁት አለች።

የመጀመሪያው አፕ «ሰላም» ከማለት በቀር ስራ አልነበረውም። እሱንም ያለው ከስክሪኑ ጥግ፣ ግማሽ ፊቱን ከባትሪው ምልክት ስር ደብቆ ነው። ለአንድ አፍታ ግን ደስ አላት፤ ብቻዋን ቤት ውስጥ ሆና «ሰላም ሰላም» አለችው። ከዚያ መሀል ላይ ላድርገው ብላ ተነሳች፤ ሳምንቱ በዚያ አለቀ። እታች ይወርዳል፣ ጎን ይሄዳል፣ አንዳንዴ ድራሹ ይጠፋል። ከዚያ ቀይ ጽሑፍ ይመጣል። ቀዩ ጽሑፍ ስህተቱ እታች ያለው መስመር ላይ ነው ይላታል፤ መስመሩን ብታነበው፣ ጮክ ብላ ብታነበው፣ ምንም የለበትም። ከግማሽ ቀን በኋላ ጥፋቱ ፈጽሞ ሌላ ቦታ፣ እላይ፣ ያቺ ደንቆሮ ቁልፍ ያልጻፈቻት አንዲት ቅንፍ ሆና ታገኘዋለች። በጸሐፊነት ዘመኗ አንድ ፊደል ብትገድፍ አለቃዋ በእርሳስ ክብ አድርጎ ይመልስላት ነበር፤ ስህተቱ እዚህ ነው ብሎ ሌላ ክፍል የሚልካት አለቃ ገጥሟት አያውቅም።

በዚህ ሁሉ መሀል ማቀዝቀዣው ላይ ያለው ስልክ ይጮኻል። አሁን ስታነሳው ድምጿ ሌላ ነው። «አቤት!» ስትል ተማሪዎቹ የደወሉበትን ይረሳሉ። አንዱ ባሏን «እትዬን አሟቸዋል እንዴ?» ብሎ ጠየቀው። ባሏም እቤት ሲገባ ግንባሯን በእጁ ጀርባ ዳሰሰ። «ትኩሳት የለብኝም፣ ንዴት ነው» አለችው።

ሆኖም ገፋችበት። ከብዙ ጨጓራ የሚልጥ ጠዋት በኋላ የሳምንቱ ቀናት በሰንጠረዥ ተደረደሩላት፤ በየቀኑ ስር ሰዓቶቹ አረንጓዴ ሆነው ተቀመጡ። አንዱን ሰዓት ስትነካው ይቀላል። ተይዟል ማለት ነው። መሀረቧን ትከሻዋ ላይ እንደጣለች ሁሉንም አቀላቻቸው፣ መልሳ ሁሉንም አረንጓዴ አደረገቻቸው። ከዚያ አፑን ዘግታ ከፈተችው፤ ያቀላችው ጠፋ። አቀላች፣ ዘጋችው፣ ከፈተች። ጠፋ። አፕ የተዘጋ እንደሆነ የሰማውን ሁሉ ይረሳል፤ እንዲያስታውስ ለብቻው መንገር ያስፈልጋል። ልጁ ይህን የሚናገረው ብዙ ቪዲዮዎች ካለፉ በኋላ ነው። እሱንም ተማረች፤ ጥርሷን ነክሳ ተማረች። አፑ ማስታወስ ጀመረ፤ ስልኩ ጠፍቶ ቢበራ እንኳን ያስታውሳል። አለቀ ብላ አሰበች።

ለሙከራ ለነርሷ፣ ለአንድ ግንበኛና መኪና መንዳት በስተርጅና አምሮት ለመጣ አንድ ጡረተኛ ስልኮች ላይ ጫነችላቸው። ሰኞና ማክሰኞ ከሦስቱ አንዱም አልደወለም፤ እንዳጋጣሚ ሌሎቹም አልደወሉም። ማዞሪያ አንድ ሙሉ ራስ ጎመን ማንም ሳያቋርጣት ከትፋ ጨረሰች፤ በዝምታው ተገርማ ሁለት ጊዜ ስልኩን ሄዳ አየችው፣ ተበላሽቶ እንደሆነ።

ሐሙስ ባሏ ከወትሮው ቀደም ብሎ ገባ። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ቀስ አድርጎ አስቀመጠ።

«ዛሬ ሦስት ሰዓት የማን ነበር?»

ስልኳን አየች። «የማንም። አረንጓዴ ነው።»

«ሦስቱም መለማመጃ ሜዳው ላይ ነበሩ። ሦስቱም ስልካቸውን አውጥተው ‹ይኸው ቀይ ነው፣ የኔ ነው› አሉኝ። ግንበኛው ከስራ አስፈቅዶ ነው የመጣው። ሽማግሌው በሁለት ታክሲ ነው የመጡት። ነርሷ አለቀሰች።»

«ነርሷ ምን ሆና አለቀሰች?»

«ከአዳር ወጥታ ሳትተኛ ነዋ።»

ማዞሪያ ስልኳን ይዛ ተቀመጠች። ነገሩ የገባት ቀስ እያለ ነው፣ ሲገባት ግን ሁሉም በአንዴ ገባት። እያንዳንዱ ስልክ የሚያስታውሰው የራሱን ብቻ ነው። ነርሷ ስታቀላ የቀላው ነርሷ ኪስ ውስጥ ነው፤ ግንበኛው ኪስ ውስጥ ያው አረንጓዴ ነው። እሷ የሰራችው አንድ የሰዓት መያዣ ሳይሆን፣ በየሰው ኪስ እርስ በርስ የማይተዋወቁ ብዙ የሰዓት መያዣዎችን ነው። ቀለሙን፣ ጥጉን፣ ቅንፉን ስትከታተል ከርማ ይህን አለማሰቧ ከሁሉ በላይ አሳፈራት። ቅስሟ ስብር አለ።

ባሏ ቢቆጣ ደህና ነበር። እሱ ግን ተማሪ የመለማመጃ እንጨት ሲገጭ የሚያወጣትን ድምፅ አወጣ። «ችግር የለም፣ ቀስ ብለን እንወጣለን» አለ። ማዞሪያ ተነስታ ወደ መኝታ ቤት ገባችና በሩን ዘጋችው።

አፑን አስጠፋቻቸው፤ ስልኩም ወደ ጩኸቱ ተመለሰ። እሷ ደግሞ ስልኮቹን የሚያስተዋውቅ ነገር ፍለጋ ቪዲዮዎቹን ማገላበጥ ያዘች፤ ባየች ቁጥር ናላዋ እየዞረ። እንዲህ እያለች ሳለ በሚቀጥለው ሳምንት ነርሷ ደወለች።

«እትዬ፣ አዲሱ አፕ ሲያምር! ማክሰኞን ይዣለሁ፣ ገብቶልኛል?»

«የቱ አዲሱ?»

«የጋሼ ፎቶ ያለበት ነዋ።» ነርሷ ነገሩ ያኔ ገባት። «እትዬ፣ አጠፋሁ?»

«አላጠፋሽም፣ ገብቶልሻል» አለቻት፣ መግባት አለመግባቱን ሳታውቅ።

ባሏ ሲመጣ ገና ጫማውን ሳያወልቅ ጠየቀችው። አልካደም። የሐሙሱን ጉድ ለወንድሙ ነግሮት ነበር። ወንድሙ ዓመት ሙሉ ቃሉን ባለመጠበቁ ተጸጽቶ፣ ያቺን የጠፋች ቅዳሜ ከየትም አምጥቶ፣ ቁጭ ብሎ ሰርቶ ላከለት።

«ሳትነግረኝ ለተማሪዎቹ ሰጠህ?»

«ልነግርሽ ነበር። ፊትሽን ሳየው ፈራሁ።»

ስልኩን ተቀብላ ከፈተችው። ቀለሙ ዓይን አያደክምም። ቀኖቹ አንዱ ካንዱ ሳይገፋፉ ተደርድረዋል። ከላይ ባሏ መኪናው ጎን ቆሞ ፈገግ ብሏል፤ ሆዱ እንኳን ገባ ብሎ ነው የተነሳው። የአንድ ቅዳሜ ስራ። የእሷን ወራት አሰበች፤ ሆድ ባሳት።

«አንቺን ለማሳረፍ እኮ ነው» አለ ባሏ። «የፈለግሽው ስልኩ እንዳይጮህ አልነበር? ይኸው አለቀ።»

ያለው እውነት ነው፤ የጀመረችው ስልኩ እንዳይጮህ ብላ ነው። ታዲያ ቆሽቷ ለምን እንደሚያር ለራሷም ማስረዳት አቃታት። «አዎ አለቀ» ብላ ወጥ ልታማስል ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት ባሏ መኪናውን ሲያስነሳ በመስኮቱ በኩል የስራውን ስልክ ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት። «አፕ ያለው ሰው ስልኩንም ይያዝ» አለችው። ቀልድ መስሎት ሳቀ። ከግቢው በር ሳይወጣ ስልኩ ጮኸ። በመስታወቱ አያት፤ እጇን አጣጥፋ ቆማ ነበር።

ሲመሽ ድምፁ ሰልሎ መጣ። «በአፑ ከያዙ በኋላ ለምንድነው የሚደውሉት?» አላት።

«መግባቱን ለማረጋገጥ።»

«መግባቱን እኮ ራሱ ያሳያል።»

«እኔን ነው የምትነግረኝ?»

ዋርሳዋ ከዚህ ትንሽ ቆይቶ ደወለላት። ወንድሙ ነገሩን አጫውቶታል። «እትዬ፣ ተቀየምሽኝ አሉ። ላግዝሽ ብዬ ነው እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምንድነው ጥፋቴ?»

ጎመን የከተፈችበትን ጠረጴዛ እያየች አሰበች። «ወንድምህ ነርሷን መኪና ማቆም ሲያስተምራት ከበዳት ብሎ እሷን አውርዶ እሱ አቁሞላት ቢሄድ፣ ነርሷ ምን ተማረች?»

ዋርሳዋ አፍንጫውን ሲያሽ በስልክ ተሰማ። «አንቺ ለመማር መሆኑን መች አወቅኩ? ሰዓት ማስያዣ ፈልገሽ መስሎኝ።»

«እኔም መች አወቅኩ» አለች ማዞሪያ፣ እውነቷን ነው።

ተስማሙ። ስልኮቹ ሁሉ ኢንተርኔት ላይ አንድ ቦታ የሚያነቡበትንና የሚጽፉበትን መንገድ ሊያስተምራት፣ ነገር ግን እጁን እንዳያስገባ፤ ስክሪኗን ከሩቅ ያያል፣ ይናገራል፣ እሷ ትጽፋለች። ሁለተኛው ውል ደግሞ «ቀላል ነው» የሚለውን ቃል እንዳይጠቀም ነው። ይኼኛው የበለጠ ከበደው። አንድ ነገር ሲጀምር «ይኼማ ቀ…» ይልና ያቆማል፣ ቃል ይፈልጋል፣ «ይኼማ ብዙ አያስቸግርም» ይላል። ያስቸግራል።

አስተማሪ ሆኖ አልተፈጠረም። የሚያውቀውን ሁሉ ሰው እንደተወለደ ጀምሮ የሚያውቀው ይመስለዋል። «እዚያ ጋ ግቢ… አይደለም፣ ወዲያ… እሱ አይደለም እትዬ፣ ከእሱ በላይ ያለው» እያለ ይተነፍሳል። ትንፋሹ ጆሮዋ ውስጥ ይገባል። ስትሳሳት ዝም ይላል፤ ዝምታው ከባሏ «ችግር የለም» የከፋ ነው። አንድ ጠዋት አልፈቀደልሽም የሚል ቀይ ጽሑፍ እየደጋገመ መጣባት። ፈቃድ ከማን እንደሚጠየቅ ስትጠይቀው «ከራስሽ» አላት። «ቦታውን የከፈትሽው አንቺ ነሽ፣ ፈቃዱን የምትሰጪውም አንቺ ነሽ።» «ታዲያ እኔ ካልፈቀድኩ ማን ከለከለኝ?» «አንቺው ነሽ የከለከልሽው።» ላፕቶፑን ከደነችውና ሰላም ሳትል ዘጋችበት። ሰዓት ሳይሞላ መልሳ ከፈተችው፣ ደወለችለትም፤ ሁለቱም ምንም እንዳልተፈጠረ ሆነው ቀጠሉ።

ብቻዋን የታገለችባቸው ቀኖች ከእሱ ጋር ካሳለፈቻቸው ይበዛሉ። ሲሆን ለምን እንደሆነ፣ ሲቀር ለምን እንደቀረ ሳታውቅ ዋለች፣ ከረመች። ባሏ እቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ፊቷን ነው፤ እንደ ሰማይ አይቶ ዝናብ ይኑር አይኑር ይገምታል።

አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ባሏን ስልኩን አስይዛ መኝታ ቤት አስቀመጠችው። እሷ ኩሽና ገብታ በራሷ ስልክ አንድ ሰዓት ነካች።

«ቀላ?» አለች።

«አልቀላም።»

«አርብ አራት ሰዓትን እያየህ ነው?»

«አርብ አራት ሰዓትን ነው የማየው። አረንጓዴ ነው።»

ግድግዳውን ተደገፈች። ጨርሶ ትዕግስቷ አለቀ፤ ላፕቶፑን ለጎረቤት ልጅ ሰጥቼ ልገላገል አለች በሆዷ። ኢንተርኔቱ ቀርፋፋ መሆኑን ረስታዋለች።

«ቆይ» አለ ባሏ ከመኝታ ቤት። «ቆይ፣ ቀላ። ቀላ እኮ! ምንም ሳልነካው ነው የቀላው።»

ሮጣ ሄዳ አየችው። ቀልቷል። አልጋው ጠርዝ ላይ ከጎኑ ተቀመጠችና ሁለቱን ስልኮች ጎን ለጎን አድርጋ አየቻቸው። ባሏ ጀርባዋን መታ መታ አደረጋት።

«ጎበዝ» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ተማሪዎቹ ግን ያኛውን ለምደውታል» አላት።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ይኼን ሁሉ ለምን ደከምሽ?»

«እንጃ» አለች። ስልኮቹን ግን አላስቀመጠችም።

ነገሩ እዚህ ላይ ሊቆም ይችል ነበር። ክረምቱ ሲገባ ግን ለስልኮቹ ሁሉ አዲስ አፕዴት መጣላቸውና የዋርሳዋ አፕ ባብዛኛዎቹ ላይ አልከፈት አለ። ሲነኩት ብልጭ ብሎ ይጠፋል፤ የባሏ ፈገግታ ለዓይን ጥቅሻ ያህል ታይቶ ይሰወራል። ዋርሳዋ ለድርጅቱ ስራ ኔትወርክ የማይደርስበት ቦታ ሄዷል። የባሏ ስልክ በጥሪ ተቃጠለ፤ አንዱን ሳይዘጋ ሌላው ይገባል፤ አንድ ተማሪ መስቀለኛ መንገድ መሀል ሞተር ጠፍቶበት ሳለ እሱ ለሌላው ማክሰኞ ስለ መያዝ አለመያዙ ያስረዳ ነበር።

ማዞሪያ የዋርሳዋን ኮድ ከፍታ ልታስተካክለው ሞከረች። ልኮላት ነበር፣ ለትምህርት ብሎ። ጠዋቱን ሙሉ አየችው። አንዳንዱን ታውቀዋለች፣ አብዛኛው ግን ለእሷ ጭራና ቀንድ የለውም፤ እሱ በአንድ መስመር የጻፈውን እሷ በገጽ ነው የምትጽፈው። ተስፋ አድርጋ ነበር፣ ለራሷም ሳትነግር፤ በራሱ ስራ ላይ ስህተት አግኝታ ስታስተካክልለት እያሰበች። አልሆነም። «አልቻልኩም» አለችው ባሏን።

«ያንቺስ ይሰራል?» አላት።

«ይሰራል። ግን ያስጠላል። ረቡዕ ትንሽ ያፈነግጣል።»

«ያስጠላ። ስጫቸው።»

ሰጠቻቸው። ግንበኛው ምንም አላለም፤ ነክቶ፣ አቅልቶ፣ ሄደ። ጡረተኛው ፊደሉ አነሰብኝ አሉ። ሌሎቹም ያኛው ያምር ነበር፣ ይኼ ቀለሙ ምንድነው፣ ያሉትን አሉ። ሁለት ሰው ግን ባንድ ሰዓት ሜዳው ላይ አልተገናኘም። መደወሉን አልተዉም፤ የሚደውሉት ለባሏ ነው። ዋርሳዋ ሲመለስ የራሱን አስተካክሎ ልላከው ወይ ብሎ ጠየቀ። ባሏ «ቆይ እስኪ» አለው፣ ዓይኑ ሚስቱ ላይ እንዳለ።

ነርሷ ጋ ግን ረቡዕ ማፈንገጥ ብቻ ሳይሆን ጨርሶ ከስክሪኑ ወጣ። ስልኳ አሮጌና ጠባብ ናት። ማዞሪያ የራሷ ስልክ ላይ ብታየው፣ የባሏ ላይ ብታየው፣ ረቡዕ ትንሽ አጎንብሶ ቦታው ላይ ነው። ስለዚህ አንድ ጠዋት ላፕቶፑን በፌስታል ጠቅልላ ልምምድ ወደሚደረግበት ሜዳ ሄደች። ነርሷ ከሆስፒታል ወጥታ ተራዋን እየጠበቀች ነበር፤ ሜዳው ላይ ግንበኛው በሁለት እንጨቶች መሀል መኪናዋን ወደኋላ ሊያስገባ ይታገላል። ሁለቱ ሴቶች የአጥሩ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ማዞሪያ የነርሷን ስልክ በገመድ አገናኝታ ጭኗ ላይ መጻፍ ጀመረች።

«እውነቱን ልንገርዎ እትዬ፣ የፊተኛው ያምር ነበር» አለች ነርሷ።

«ያምር ነበር።»

«ረቡዕን ደግሞ ይተዉት ግድ የለም። እኔ ረቡዕ አልማርም።»

«ነገ ፈረቃሽ ሲቀየር ትማሪያለሽ» አለች ማዞሪያ፣ ዓይኗን ከላፕቶፑ ሳታነሳ።

ነርሷ ሳቀች፤ ማዞሪያ አልሳቀችም። ያቺን ቁልፍ ደበደበቻት፣ አንድ ቁጥር ቀነሰች፣ ላከችው። ጠበቁ። ስልኩ ስክሪኑ ነጣ፣ ከዚያ ሰንጠረዡ ብቅ አለ። ረቡዕ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ሰዓቶቹ ከነሙሉ አካላቸው።

«መጣ» አለች ነርሷ። ከዚያ ስልኳን ጠጋ አድርጋ አየችው። «ሰኞ ግን የለም።»

ማዞሪያ መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው፣ መልሳ አደረገችው። በእርግጥ ሰኞ በሌላው ጫፍ ወጥቶ ሄዷል። ቁጥሩን እንደገና ለወጠችና ላከችው። ከሜዳው ባሏ ለነርሷ እጁን አወዛወዘ፣ ተራሽ ነው ብሎ፤ ሌላ እጁ ጆሮው ላይ ነው፣ ስልክ ያወራል።

ነርሷ ተነስታ ስልኳን ልትወስድ እጇን ዘረጋች።

«ተይልኝ» አለች ማዞሪያ፤ ቀዩ ጽሑፍ እንደገና መጥቶባት ነበር። «ሂጂ ንጂ። ስትመለሺ ገና እዚሁ ነኝ።»